የጆተኒ ሜዳ ፍለጋ ከእስቴ እስከ ወገዳ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከሚሌኒየሙ በፊት ይሁን በኋላ፣ ከሰው ጋር ስንከራከርበት እንኖራለን። ሞባይል እስቴ የገባ ሰሞን መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ለጉብታ ይዞር ነበርና። ወሩ የጥር መግቢያ ነው፤ ገና አልፎ ጥምቀት ይጠበቃል። ያን ጊዜ ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቼ፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጌ፣ እስከ ስማዳ ወገዳ የዘለቅሁት ለንግድም ለዘመድ ጥየቃም አልነበረም። የጆተኒ ሜዳ ፍለጋ ነው።

ጆተኒ ያላየ ቢኖር፣ በአራት እግር የቆመ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የሚያቋርጡ ብረቶች አሉ፤ በብረቶቹ ላይ ትንንሽ የእንጨት ተጫዋቾች ተሰክተዋል። ሰው ከግራና ከቀኝ ቆሞ እጀታውን እያሽከረከረ ትንሿን ኳስ ወደ ጎል ይልካል። ወለሉ መስመር የተሰመረበት አረንጓዴ ጣውላ ነው። እሱን ነው ሜዳ የምንለው።

ይህ ጆተኒ የጥሩወርቅ ነበር። ጥሩወርቅ የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፤ አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው። ባሏ ሲሞት የተወላት ይህንኑ ነው፤ በደጇ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አቁማ በእሱ ትተዳደር ነበር። ሜዳው ከእጅ ወዝና ከአቧራ ብዛት ጠቁሮ መስመሩ ሲጠፋ፣ «ጋሼ፣ እስቲ መስመሩን ያድሱልኝ» አለችኝ።

ያለችኝ መስመር አድስ ብቻ ነው። እኔ ግን በወጣትነቴ ብራና ፋቂ ነበርኩ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ቆዳ ወጥሮ መፋቅ ላይ ግን ማንም አይቀድመኝም ነበር። ያን ወዛም ጣውላ ሳየው እጄን በላኝ። የብራና ማለስለሻ ድንጋዬን፣ ያን አረፋ የሚመስለውን፣ ከቆጥ አወረድኩና ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈግሁት። ነጣ፣ ለሰለሰ፤ እኔም ደስ አለኝ። ለካ ጣውላው ስስ እንጨት በስስ እንጨት ላይ በኮላ የተነባበረ ኖሯል። የላዩን በስቼ ማለፌን ያወቅሁት ቀለም ስቀባው ነው። እርጥበቱ ገብቶበት እዚህ አበጠ፣ እዚያ ሰረጎደ። ኳስ መሐል ላይ ብታስቀምጥ ብቻዋን ተንከባልላ ወደ ግራው ጎል ትሄዳለች።

«እትዬ፣ የጨጨሆን ገደል ቀብታችሁ ነው እንዴ ያቆማችሁት?» ይሏታል ተጫዋቾቹ። ሁለት ሳምንት ሳቁ፤ በሦስተኛው አልመጡም።

ጥሩወርቅ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ብቻ፣ «ጥምቀት ድረስ አያለሁ። ሰው የሚመጣው ያኔ ነው። ካልሆነ ሣጥኑን ለማገዶ ሰጥቼ ጎንደር ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አለች። አጥር ለአጥር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረናል። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ «እንዴት አደሩ?» የምትለኝ እሷ ናት። እንግዲህ እኔው በእጄ አገር ላስለቅቃት ነው።

በሲባጎ የሜዳውን ርዝመትና ስፋት ለካሁ፤ ለርዝመቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለስፋቱ ሁለት ቋጠሮ። ቆሎና በሶ ቋጥሬ ረቡዕ ማለዳ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ደብረ ታቦር

አውቶቡሱ ከመካነ ኢየሱስ ሲነሣ ገና ብርድ ነው። ታሪፉ ዐሥራ ሁለት ይሁን ዐሥራ አራት ብር ዘንግቼዋለሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ውቂያ ላይ ናቸው፤ በሬዎቹ አውድማውን ይዞራሉ፣ ጭዱ በፀሐይ ላይ ይበናል። አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ ሲባጎዬን አይቶ፣ «የመቃብር ልክ ነው?» አለኝ። ልኩ እውነትም ለሕፃን ሣጥን ይሆናል። «የኳስ ሜዳ ልክ ነው» ስለው፣ ከዚያ ወዲያ እስክንወርድ አላናገረኝም።

ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የጆተኒ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁ። ባለሱቁ ጥርሱ ላይ መፋቂያ እንደያዘ አንድ ሜዳ ከግድግዳ አወረደልኝ። መቼም ያምራል! አረንጓዴው እንደ ክረምት ሣር፣ መስመሩ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ክብ። እጄ ወደ ኪሴ እየሄደ ነበር።

ግን ልማድ አይለቅም። ብራና የምናየው በፊት ለፊት አይደለም፤ በአግድም ይዘን ፀሐይ እንድትንሸራተትበት አድርገን ነው። ሜዳውን ወደ ደጅ ይዤ ወጣሁና ጫፉን ከዓይኔ አስተካክዬ አየሁት። ከጎሉ አጠገብ ያረጠች ላም ሆድ የመሰለ ሽብሽብ አለ። አውራ ጣቴን ተጭኜ ሳነሣ አሻራዬ ታትሞ ቀረ፤ ከላይ ደርቋል፣ ከሥር አልደረቀም። ጠርዙን በጥፍሬ ነካ ባደርገው ሜዳው ተነሣልኝ። ለካ ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው፤ ጣውላ ላይ ለጥፈው በቫርኒሽ ሸፍነውታል።

«አባት፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊልጡት?» አለ ባለሱቁ።

«ልጄ፣ የተላጠው በእኔ አይደለም። ሲመጣም ልብሱን ሳይቆልፍ ነው የመጣው።»

ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሁሉም የሚወስደው ይህንኑ ነው። እንዲህ አገላብጦ ያየው ሰው የለም» አለና መልሶ ሰቀለው። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ዕውቀቴ አልከዳኝም አልኩ። ኩራቱ በኋላ ምን እንዳደረገኝ እነግራችኋለሁ።

ሐሙስ፣ በጉና ሥር

ሐሙስ ወደ ነፋስ መውጫ። መኪናው በጉና ሥር ሲያልፍ ጋቢዬን ሁለት ዙር ተከናነብኩ። ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ለቁርስ ቆመን፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በአንድ ብር በላሁ፤ እጅ ያሞቃል፣ ሆድም ይይዛል። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። አልጋ ይዤ አደርኩ። ባለአልጋዋ፣ «ጆተኒማ ነገ ወደ ዓርብ ገበያ ከተማ ይውረዱ፤ ገበያው ውስጥ የሚያቆሙት አለ» ብላ መከረችኝ።

ዓርብ፣ በገበያው

ዓርብ ገበያ በዓርቡ ነው መታየት። ከሌሊት ጀምሮ የተነሣ ገበሬ አህያውን እየነዳ ከየአቅጣጫው ይፈስሳል፤ ጤፉ፣ ምስሩ፣ ጨው፣ ገመድ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ጾም ስለሆነ ሽሮ በላሁና ጩኸት ወደሰማሁበት ሄድኩ።

ከሸራ ሥር አንድ ጆተኒ ቆሟል። በአንድ በኩል ሁለት ጎልማሳ የጨው ነጋዴዎች፣ በሌላው በኩል አንዲት ሴት ብቻዋን። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። አራቱንም እጀታ በሁለት እጅ ታዳርሳለች። ጧ! ሲል ሰው ሁሉ ይጮኻል።

«ሲስተር፣ ዛሬስ ያለ ማደንዘዣ ገደልሽን!» አለ አንዱ ነጋዴ ግንባሩን እየጠረገ።

«ቀጣይ! ካርድ ያወጣ ይግባ!» አለች እሷ።

ወገዳ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ገናን ከቤተሰቧ ጋር ውላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው ያገኘኋት። እኔ ጨዋታው መሆኑን ረስቼ ሜዳውን ልዳብስ እጄን ሰደድኩ።

«አባባ፣ እጅዎን! ጎል ገባብዎት!»

ሰው ሳቀብኝ። ይቅርታ ጠየቅሁና የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ድንጋዩንም፣ ጥሩወርቅንም፣ ጥምቀትንም አልደበቅሁም። ሳትስቅ አዳመጠችኝ።

«ወገዳ ጋሽ ደሴ የሚባል አናጢ አለ። የእኛን አገር ጆተኒ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን። ግን አባባ፣ ኳስዎን ያሳዩኝ እስቲ።»

«የምን ኳስ?»

«ሜዳ ሊገዙ ወጥተው ኳስ አልያዙም?»

«ኳስ ምን ያደርግልኛል? እጄ አለ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን ፈታች።

ቅዳሜ፣ የወገዳ መንገድ

ከዓርብ ገበያ ወገዳ የሄድነው እህል በጫነ አይሱዙ ነው። ሲስተር ከሾፌሩ ጋር ተከራክራ እኔን ጋቢና አስገባችኝ፤ እሷ ከላይ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው፤ መኪናው ቁልቁል ሲወርድ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ሁለት ቦታ ላይ ወርደን በእግር ሄድን። ከሰዓት በኋላ ወገዳ ስንደርስ ሲስተር ቅንድቧ ሳይቀር የጤፍ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። «አሁን አረጀሁልዎት፣ እኩያዎ ሆንኩ» ብላኝ፣ የአናጢውን ቤት አሳይታኝ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጋሽ ደሴ ጸጥ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ኖሯል። ብራና ፋቂ እንደነበርኩ ስነግረው ብድግ ብሎ እጄን ሳመ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

ሁለት የተዘጋጁ ሜዳዎች ነበሩት፤ ልካቸው ከሲባጎዬ ጋር ገጠመ። አንዱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ስትዳብሰው በስሱ የሚይዝህ። ሁለተኛው ግን! ቆርቆሮውን፣ ሰማዩን፣ የራሴን ጢም አየሁበት። በአግድም ባየው ሽብሽብ የለው። አውራ ጣቴን ብጫነው አሻራ አልያዘም። መስመሩን በጥፍሬ ብፈልገው ከቫርኒሹ ሥር ነው፣ አይነካም። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ጀርባ ዳበስኩት፤ እንዲህ የለሰለሰ ነገር ነክቼ አላውቅም።

«ይህ ነው» አልኩ።

ጋሽ ደሴ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። «ይህን... አባቴ፣ ይህን ወደዱት?»

«ወደድኩት።»

«እንግዲህ የእርስዎ እጅ የመረጠውን እኔ ምን እላለሁ» አለና አንገቱን ደፋ። መቶ ሰማንያ ብር ሰጠሁት፤ በጋቢዬ ጠቅልዬ እሱው ቤት አደርኩ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

እሑድ፣ በጋሽ ደሴ ግቢ

ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ ሲስተር ግቢው ውስጥ ጠበቀችን። «ያሳዩኛ» አለች። ፈትቼ አሳየኋት። እንዳየችው ፊቷ ተለወጠ።

«ይህን ማን አስመረጠዎት?»

«እጄ።»

«ጋሽ ደሴ፣ አንተ ደግሞ ዝም አልክ?»

አናጢው መሬት መሬት ያያል።

እኔ ትንሽ ቆጣ አልኩ። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ የለሰለሰና ያልለሰለሰ መለየት የጀመርኩት።»

«እውነት ነው አባባ። ተሳስተዋል ግን» አለች። በትሕትና ነው ያለችው፤ ሆኖም አላለሳለሰችውም። «ኳስ በመዳፍ አይጫወትም። ይምጡ፣ ይያዙ።»

እጀታ እንድይዝ ነው የምትለኝ። እነሆ እውነቱን ልናገር፦ የጥሩወርቅ ጆተኒ በደጄ ስንት ዓመት ቆሞ አንድ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። የሽማግሌ ነገር አይመስለኝም ነበር። ጋሽ ደሴ አንድ ባዶ ሣጥን ነበረው፤ የእኔን አንጸባራቂ ሜዳ ከውስጡ ዘረጋና ብረቶቹን ሰካ። «በሰንበት መሥራት አይገባም፣ መጫወት ግን ሥራ አይደለም» አለ፤ እስከዚያች ሰዓት ሲናገር የሰማሁት ረጅሙ ነገር ይህ ነው።

ሲስተር ኳሷን በተጫዋቹ እግር ሥር ልታቆም ሞከረች። ኳሷ ሾልካ ሄደች። እንደገና። ሾልካ ሄደች። «ኳስ መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ ነው የሚመታው። ይህ ሳሙና ነው። ማንም ሁለተኛ አይጫወትበትም።» እኔም ሞከርኩ፤ ተጫዋቼ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ኳሷ እንደ ተቀባ ዘንግ ታመልጠዋለች።

ከዚያ ደብዛዛውን ዘረጉ። ኳሷን ለቀቀች፣ እግር አሳረፈች። ቆመች። ወደ ጎን አቀበለች፤ ቆመች። «አሁን እርስዎ» አለችኝ። አሳረፍኩ። በእግሬ ሥር፣ ማለቴ በዚያች የእንጨት እግር ሥር፣ ኳሷ ጸጥ ብላ ቆመች። ያን ጊዜ የብራናው ትምህርት ትዝ አለኝ። ያስተማሩኝ የኔታ ድንጋዩን ከእጄ ቀምተው፣ «በቃ! እንደ መስታወት ካደረግኸው ቀለሙ በምን ይያዝ? ለብዕሩ ትንሽ ሻካራ ተውለት» ይሉኝ ነበር። ለብዕር የሚተወውን አውቅ ኖሮ፣ ለኳስ የሚተወውን ረሳሁ። ብራና ከተውኩ ወዲህ እጄ የሚያስታውሰው መፋቁን እንጂ መተዉን አይደለም።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ጋሽ ደሴ። «አንድ ባለሻይ ቤት ይብረቅረቅልኝ ብሎ አምስት ጊዜ ቫርኒሽ ያስቀባኝ ነው። ተጫዋቾቹ እምቢ ብለውት መልሶልኛል። ልነግርዎ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ እርስዎን የመሰለ ባለሙያ ማረም ከበደኝ።»

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እጄን አስስሜ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ።

«እንግዲያው እንጫወት» አለች ሲስተር። ዐሥር ለዜሮ አሸነፈችኝ። ዐሥራ አንደኛዋን ስንጫወት ኳሷ በደብዛዛው ሜዳ ቀኝ ጥግ ስትደርስ ትንሽ ስታጋድል አየሁ። እነሱ አላዩም። ሜዳውን አውጥቼ ጥጉን በእጄ ጀርባ ዳበስኩ፤ የምስር ፍሬ የማታህል እብጠት አለች። «እዚህ ጋ» አልኩት ጋሽ ደሴን። ዳብሶ ዳብሶ አጣትና ጣቱን ይዤ አስቀመጥኩለት። «አቤት!» አለ። ሲስተርም ነክታ፣ «ይህንንስ እኔ አላገኘውም ነበር» አለች። እጄም ሙሉ በሙሉ አልከዳኝም ማለት ነው።

ሰኞ ማለዳ ጥጉን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሻሽቶ፣ ቫርኒሹን በጨርቅ ስስ አድርጎ አስነካልኝ። ከሰዓት በኋላ ድረስ ፀሐይ ላይ አድርቀን ተነሣሁ። ደብዛዛው ዋጋው ስለሚያንስ፣ ሊመልስልኝ የነበረውን ልዩነት ሁለት አዳዲስ ኳስ አድርጎ ሰጠኝ።

ወደ ቤት

ከወገዳ ወደ እስቴ በእግር የሚወጣ አቋራጭ አለ ይላሉ፤ ጉልበቴ ስላልፈቀደ በመጣሁበት ተመለስኩ። ሜዳውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እኔ ራሴ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በሁለት ጉልበቴ መካከል ይዤው ነው የመጣሁት። ነፋስ መውጫ ላይ ጋቢው በእሱ ላይ፣ ብርዱ በእኔ ላይ ሆነ። ረዳቱ፣ «አባ፣ ታቦት ነው እንዴ?» ሲለኝ፣ «አይ፣ ከታቦቱ ቀን በፊት መድረስ ያለበት ነው» አልኩት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። ጥሩወርቅ ደጇ ላይ ዕቃዋን በማዳበሪያ ቋጥራ አገኘኋት፤ ቆርቆሮ ጥላው እንኳ ተነቅሏል። «ጥምቀት ደረሰ፤ የመጣ ሰው የለም» አለችኝ። የተበላሸውን አውጥቼ አዲሱን ሜዳ ከሣጥኑ አስገባሁት፤ ብረቶቹን አብረን ሰካን። ኳሱን ሰጠኋት። መሐል ላይ አስቀመጠችና እጇን አነሣች። ሁለታችንም ወደ ግራው ጎል አየን።

ኳሱ አልሄደም።

«ሊሄድ ነው» አለች።

«አይሄድም።»

ኳሱ እዚያው እንደቆመ ነው። ከዚያ ጥሩወርቅ አንዱን ማዳበሪያ ፈታችና መዶሻ አወጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ቆርቆሮውን ያቀብሉኝ። ሜዳው ላይ ግን እጅዎን እንዳያሳርፉ!»

በጥምቀት ማግስት ወረፋ ነበር። እኔም ወረፋ ይዤ ገባሁና ተሸነፍኩ፤ ልጆቹ ግን ኳስ ማቆም የሚችል ሽማግሌ አይተን አናውቅም አሉ። ጥሩወርቅ ጎንደርን ለፋሲካ ደርሳ ተመለሰች እንጂ አልቀረችም፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «እንዴት አደሩ?» ትላለች።

ከዚያ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው። ሰው ሲያረጅ ያከብሩታል፤ ሲያከብሩት ዝም ይሉታል፤ ዝም ካሉት ደግሞ ጥፋቱን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ይገባል። ጋሽ ደሴ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ጥሩወርቅን አገር ሊያስለቅቃት ነበር። እኔም አሁን አንድ ነገር ስሠራ አጠገቤ ላለ ሰው፣ ታናሼም ቢሆን፣ «ከተሳሳትኩ ንገረኝ» እላለሁ። አብዛኛው አይነግረኝም።

ያች ነርስ በኋላ ከወገዳ ተዛውራለች አሉ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። እሑድ ዕለት ሽበቴን እያየች «ተሳስተዋል» ያለችኝ፣ ያዳነችኝም፣ ሲስተር ትርንጎ አበጀ ናት።